ቀብድ ከመክፈልህ በፊት የድሮ ብድርህን አስጣራ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደነገጥኩ። ኮዬ ፈጬ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አግኝቻለሁ፣ ከፊሉን በባንክ ብድር ልሸፍን ነው፣ ድሮ የወሰድኩት ብድር ነበር ግን ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ የብድር ታሪኬን ቀድሜ ማየት ያስፈልገኛል ወይ ነው ያልከው። ከስር "አያስፈልግም፣ ባንኩ ራሱ ያየዋል" ያሉህ አሉ። ባንኩ ማየቱ እውነት ነው። ግን የሚያየው አንተ ለሻጩ ቀብድ ከከፈልክ በኋላ ነው። እኛ 150,000 ብር የቀረብን እዚህች ጋ ነው።

እኔና ባለቤቴ ያኔ ቱሉ ዲምቱ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አሁንም እዚያው ነን፣ ግን በራሳችን ቤት። መልሴ ይረዝማል፣ እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው። ስለ ካርታ፣ ስለ ዕዳና እገዳ ማጣራት፣ ስለ ኢንጂነር ግምት ሌሎቹ ጽፈውልሃል፣ እሱን አልደግመውም።

1. መረጃው ያለው ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ነው፣ የብድር መረጃ የሚሰበሰብበት ማዕከል አለው። ባንኮች ያበደሩትን ሰው ሁሉ እዚያ ያስመዘግባሉ። አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊትም እዚያ ማየት ግዴታቸው ነው። ስለዚህ "እኔ የምበደረው ከሌላ ባንክ ነው፣ የድሮውን አያውቁትም" ብለህ አታስብ። ያውቁታል። እኔ ያየሁት ወረቀት ላይ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን እንደሚያወሩት ለተበዳሪ የሚሰጥ ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ያለው እያንዳንዱ ብድር፣ መጠኑ፣ ቀሪው፣ እና ያለበት ደረጃ ነው።

2. ደረጃዎቹን እወቃቸው፣ ባንክ ቤት ስትሄድ ይጠቅሙሃል። ክፍያህ 30 ቀን እስኪያልፈው ድረስ ፓስ ነው። ከ30 እስከ 90 ቀን ስፔሻል ሜንሽን ይሉታል። 90 ቀን ካለፈ ሰብስታንዳርድ ይሆናል፣ የተበላሸ ብድር የሚባለው ከዚህ ጀምሮ ነው። ከ180 ቀን በኋላ ዳውትፉል፣ ከ360 ቀን በኋላ ሎስ። ልብ በል፣ የሚቆጠረው ቀን ነው። ያለብህ አንድ ሚሊዮን ይሁን አንድ ሺህ፣ ቀኑ እኩል ነው የሚሮጠው። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር።

3. ክሊራንስ፣ ማለትም ባንኩ ዕዳ የለብህም ብሎ ማኅተም አድርጎ የሚሰጥህ ደብዳቤ፣ ከሌለህ ብድርህን ጨርሻለሁ አትበል። ይሄን ተራ ቁጥር የምጽፈው እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ታሪኩን ልንገርህ።

በ2010 ዓ.ም. ሳሪስ አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት ነበረችኝ። ሁለት ማሽን ልጨምር ብዬ 80,000 ብር ተበደርኩ፣ ከአንድ ባንክ፣ ስሙን አልጠራም። በየወሩ ከፈልኩ። አንድም ቀን አላሳለፍኩም። በዓል መጣ፣ ልጅ ታመመ፣ ኪራይ ጨመረ፣ እኔ መጀመሪያ የባንኩን ነበር የማስቀምጠው። 2012 ላይ ኮሮና ሲመጣ ሥራው ቀጥ አለ። ያኔ ለብዙ ተበዳሪ ክፍያ እያራዘሙ ነበር፣ ለእኔም ሦስት ወር ተራዘመልኝ። አመስግኜ ፈረምኩ። ሥራው ሲመለስ ክፍያዬን ቀጠልኩ፣ 2013 ላይ የመጨረሻውን ከፍዬ ስሊፑን ይዤ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ቡና አፍልቼ ጎረቤት ጠራሁ፣ ዕዳዬን ጨረስኩ ብዬ።

አልጨረስኩም ነበር። በተራዘሙት ሦስት ወራት ወለዱ መቁጠሩን አላቆመም። 1,140 ብር ቀርታለች። የመጨረሻውን ስከፍል መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ "ጨርሰሻል" አለችኝ፣ እኔም አመንኳት። ደብዳቤ ስጪኝ አላልኩም። ከዚያ ቤት ለቀቅን፣ ቱሉ ዲምቱ ገባን፣ ስልክ ቁጥሬንም ቀየርኩ። ደውለውልኝ ከሆነ አላገኙኝም ማለት ነው። 1,140 ብሯ ቅጣት እየጨመረች፣ ቀን እየቆጠረች ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠች።

ኅዳር 2015 ላይ ደላላው የደወለልን ቤት እኛው ሰፈር ነበር። ሁለተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ ካርታ ያለው፣ ዕዳ የሌለበት። 2.4 ሚሊዮን ብር ተስማማን። ሻጩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ልጃቸው ዘንድ ውጭ አገር ሊሄዱ ስለነበር ቸኩለዋል። 150,000 ብር ቀብድ ሰጠን፣ ቀሪው በ45 ቀን ውስጥ ብለን ተፈራረምን። ባለቤቴ ቋሚ ደመወዝተኛ ነው፣ የእኔም ንግድ ግብር የሚከፍል ነው፣ ባንክ ምን ብሎ ይከለክለናል አልን።

ባንኩ ፋይላችንን ተቀበለ። የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ የደመወዝ ደብዳቤ፣ የሁለታችን ቲን ቁጥር፣ የስድስት ወር የሂሳብ እንቅስቃሴ፣ ሁሉንም ሰጠን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የብድር ክፍሉ ልጅ ደወለ። "እህቴ፣ በአንቺ ስም ሎስ የሆነ ብድር አለ፣ ማስኬድ አልችልም።" ሎስ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ ላይ ስለምትበደሩ የአንዷ የሁለታችሁንም ያስቆማል አለ። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። እኔ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ወደ ድሮው ቅርንጫፍ ሄድኩ። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ፣ በሁለት ታክሲ። የሁሉንም ወር ስሊፕ በፌስታል ይዤ ነው የሄድኩት፣ አንዱንም አልጣልኩም ነበር። የብድር ክፍሉ ሰውዬ ፌስታሉን አላየልኝም። "ፋይሉ የቆየ ነው፣ አርካይቭ ገብቷል፣ ነገ ተመለሺ።" ነገ ስሄድ ሲስተም የለም። ከነገ ወዲያ ስሄድ ስብሰባ ነው። አራተኛው ቀን ላይ 2,860 ብር ከነቅጣቱ አለብሽ አለኝ። ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ፣ ሰው በተሰበሰበበት ድምፁን ከፍ አድርጎ "ስትበደሩ ታውቃላችሁ፣ ስትከፍሉ ነው የምትረሱት" አለኝ። እኔ አንድም ወር አላሳለፍኩም። ያን ቀን ከዚያ ወጥቼ እስከ ታክሲው ድረስ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት። ገንዘቡ አይደለም ያስለቀሰኝ። ልጆቼን አጉድዬ የከፈልኩትን ሰው ፊት ሌባ አደረገኝ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት አንተ እንዳትደግመው። እልህ ያዘኝ። ቅጣቱን አልከፍልም፣ አላሳወቃችሁኝም፣ ዋናውን ብቻ ነው የምከፍለው ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። እውነት አለኝ፣ አሁንም አለኝ እላለሁ። ግን ክርክሩ ሦስት ሳምንት በላ። የቀብዱ 45 ቀን ደግሞ እኔን አይጠብቅም። ባለቤቴ "2,860 ብር ነው፣ ክፈይና እንውጣ" ሲለኝ ልሰማው ይገባኝ ነበር። መጀመሪያ ክፈል፣ ደረሰኝህን ያዝ፣ ቤቱ እጅህ ከገባ በኋላ ስለ ቅጣቱ ተከራከር።

በመጨረሻ ከፈልኩ። ከፈልኩና አለቀ መሰለኝ። አላለቀም፤ መክፈል አንድ ነገር ነው፣ መረጃው መስተካከሉ ሌላ። የሚያስተካክለው መረጃውን የላከው ባንክ ነው። አዲሱ ባንክ በራሱ አይሰርዘውም፣ ደረሰኝ ብታሳየውም ሲስተሙ ላይ ያለውን ነው የሚያምነው። የድሮው ቅርንጫፍ ደግሞ "ዋናው መሥሪያ ቤት ይልካል" እያለ አመላለሰኝ። ሰባት ጊዜ ሄጃለሁ። በሰባተኛው ቀን አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተመድባ አገኘሁ። ፌስታሌን ተቀብላ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ስሊፖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ክሊራንሱን በዚያው ሰዓት ፈርማ ሰጠችኝ፣ መረጃው እንዲስተካከልም እዚያው እያለሁ ደብዳቤ አስላከች። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ስድስት ቀን የተንከራተትኩት ለሃያ ደቂቃ ሥራ ነው።

ግን 45 ቀኑ አልፎ ነበር። ሻጩ አሥር ቀን ጨመሩልን፣ ከዚያ በላይ አልቻሉም፣ አልፈርድባቸውም። ቀብዱ ቀረ። ሕጉም እንደዚያ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ውሉ ውልና ማስረጃ ያልገባ የደላላ ቤት ወረቀት ስለሆነ መከራከር ይቻላል ያለን ሰው ነበር። ስንት ዓመት ፍርድ ቤት እንመላለሳለን ብለን ተውነው። ስለዚህ አንተ ውሉ ላይ "ባንኩ ብድሩን ካልፈቀደ ቀብዱ ተመላሽ ይሆናል" የሚል መስመር አስገባ። ሻጩ እምቢ ካለ ቀብዱን አሳንሰው። ደላላው "እንደዚህ አይጻፍም" ይልሃል። ይጻፋል። ሁለተኛውን ቤት ስንገዛ አስጽፈነዋል።

መረጃው ሲስተካከል ሌላ ቤት መፈለግ ጀመርን። ወዲያው አልተሳካም፣ ዋጋው በየወሩ ይጨምራል። ነሐሴ 2015 ላይ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አደረገ። እኛ የሄድንበት ባንክ የቤት ብድር ለጊዜው አቁመናል አለን። ጣሪያው ወደ 18 በመቶ ከፍ ያለው 2017 ውስጥ ነው፣ እኛም በዚያው ዓመት ተፈቀደልን። በ2.4 ሚሊዮን ያጣነውን ዓይነት ቤት ያኔ 3.6 ሚሊዮን እየጠሩበት ነበር። ባለ አንድ መኝታ ገዛን። ቢሆንም የራሳችን ነው። ልጆቼ ግድግዳው ላይ ሥዕል ሲለጥፉ ማንም አይቆጣቸውም። ባንኩ ታሪኬን ሲያይ የድሮው ብድር ተዘግቶም መዘግየቱ ይታይ ነበር፣ ማብራሪያ በጽሑፍ ጠየቁኝ፣ ክሊራንሱንና ስሊፖቹን አያይዤ ሰጠሁ፣ ተቀበሉኝ።

4. ስምህን አስተያይ። የእኔ የአያቴ ስም የድሮው ብድር ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው አንድ ፊደል ተጨምሮበት ነው፣ በዚህም ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በሦስት ስም እስከ አያት የሚገጥም ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። ቲን ቁጥርህና ፋይዳህ ላይ ያለው ስም ከብድር ፋይልህ ጋር አንድ መሆኑን እይ፣ ካልሆነ አሁኑኑ አስተካክል። በስልክ የምትወስዳቸው እንደ መላና እንደኪሴ ያሉት ትንንሽ ብድሮችም ካሉህ ዝጋቸው። 500 ብር ናት ብለህ አትናቃት፣ ከጀርባዋ ባንክ አለ። ሚስትህም በስሟ ያለ ነገር ካለ እሷንም ጠይቃት፣ ከተበደራችሁ አብራችሁ ነው የምትታዩት።

አሁን ምን ታድርግ? መጀመሪያ ደላላውን "ቀብድ የምሰጠው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው" በለው። ቤቱ ይሸጥብኛል ብለህ አትፍራ፣ ኮዬ ላይ የሚሸጥ ቤት ያ ብቻ አይደለም። ከዚያ ወደ ድሮው ባንክህ ቅርንጫፍ ሂድ፣ መታወቂያህንና ያለህን ስሊፕ ሁሉ ይዘህ። "ቀሪ አለብኝ ወይ" ብለህ አትጠይቅ፣ በአፍ "የለብህም" ይሉሃል። "ማኅተም ያለው ክሊራንስ ስጡኝ" በል። ክሊራንስ ሊጽፉ ሲሉ ነው ሂሳቡን ከልብ የሚያዩት። ቀሪ ካለ እዚያው ክፈል። ቀጥሎ ልትበደር ወዳሰብከው ባንክ ሂድና የብድር ክፍሉን አናግር፤ ማመልከቻ አስገባ፣ ቤት ከመያዜ በፊት የብድር መረጃዬን እዩልኝ በላቸው። እኛን ሁለተኛው ባንክ ያለ ምንም ማንገራገር አይቶልናል። እምቢ ካሉህ ሌላ ቅርንጫፍ ሞክር።

ከሰኞና ከደመወዝ ሰሞን ውጪ ባለ ቀን ሂድ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከመክፈታቸው በፊት በር ላይ ሁን። መንገድ ስለሚዘጋ ከቤትህ በ12 ሰዓት ውጣ። ሥራ አስኪያጁን በቀጥታ አስጠራ፣ መስኮት ላይ አትከራከር። ክሊራንሱን ስትቀበል ስምህን፣ የብድር ቁጥሩን፣ ማኅተሙንና ቀኑን እዚያው ቆመህ አንብብ፣ ሁለት ኮፒ አድርግ። የእኔ ከልጆቼ የልደት ሰርተፊኬት ጋር በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ነው ያለው። ስትጨርስ የሆነውን እዚሁ ጻፍልን፣ እጠብቃለሁ።