ልጄ መርከብ ሳይሳፈር የዋስትናውን ዕዳ ልክፈል?

ጥያቄ፦ ልጄ ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ የመርከብ መሐንዲስ ለመሆን ማሠልጠኛ ገባ። ወጪውን ከደመወዙ ሊከፍል ሲፈርም እኔ ዋስ ሆንኩ። የክፍል ትምህርቱን ጨርሶ ከዓመት በላይ ቤት ተቀምጧል፤ «መርከቦች ሠራተኛ ስለቀነሱ ቦታ ጠፋ» ይሉታል። አሁን ለእኔ የክፈል ደብዳቤ መጣልኝ። ደላላ ደግሞ በ80,000 ብር መርከብ ላስገባው ይላል። ምን ይሻለኛል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የደላላው ነገር አጭር ነው፤ እንዳይከፍሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ለማስቀጠሪያ ተብሎ ከባሕረኛ ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል። ባሕረኛው ሊሸፍን የሚችለው የሕክምና ምስክር ወረቀት፣ የባሕረኛ ደብተርና ፓስፖርት የመሳሰሉትን ነው። ቪዛ እንኳ የመርከቡ ባለቤት ወጪ ነው።

ዋናው ጉዳይ ደብዳቤው ነው። ከመደንገጥዎ በፊት የፈረሙበትን የዋስትና ውል ያውጡና የገንዘቡን ልክ ይፈልጉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። «የሥልጠናውን ወጪ ሁሉ» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ውል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እንዲህ ዓይነቱን ተከራክሮ ማስጣል ይቻላል። መጠኑ ተጽፎ ከሆነ ደግሞ «ከባለዕዳው ጋር በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል እንዳለበት ይዩ። ካለ፣ በቁጥር 1933 ማሠልጠኛው ልጁን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እርስዎ መምጣት ይችላል።

ቀጥሎ የልጁን ውል ያንብቡ። ዕዳው መከፈል የሚጀምረው መቼ ነው? «ሥልጠናውን ሲያጠናቅቅ» ከሆነ፣ በእኔ እምነት ጊዜው ገና ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የባሕረኞች ሥልጠና ስምምነት፣ በኋላ እንደተሻሻለው፣ የሞተር ክፍል መኮንን ለመሆን የወርክሾፕና የባሕር ልምምዱ በድምሩ ቢያንስ 12 ወር እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 6 ወሩ በሞተር ክፍል ተረኝነት ነው። ይህ ሁሉ በሥልጠና መዝገብ ደብተሩ ላይ እየተጻፈ መኮንኑ ይፈርምበታል። የልጅዎ ደብተር የባሕር ገጾቹ ባዶ ከሆኑ «ጨርሷል» ማለት አይቻልም። ገጾቹን ኮፒ አድርገው ያስቀምጡ፤ ጥሩ ማስረጃ ነው።

«ሠራተኛ ቀነሱ» የሚሉት ውሸት አይደለም። ድሮ 40 ሰው ይዞ ይሄድ የነበረው መርከብ ዛሬ እጥፍ ድርብ ጭነት በሃያ ምናምን ሰው ያጓጉዛል። የሞተር ክፍሉ ሌሊት ሰው ሳይኖርበት ያድራል፤ ችግር ሲፈጠር ተረኛው መሐንዲስ መኝታ ክፍል ደወል ይጮኻል። መርከቡ የተመዘገበበትና ባንዲራውን የሚያውለበልብለት አገር በሚሰጠው ሰነድ ላይ የሚሰፍረው ዝቅተኛ የሠራተኛ ቁጥር እንደ ልጅዎ ያለውን ተለማማጅ አይቆጥርም። ስለዚህ ለባለቤቱ ተጨማሪ አልጋና ቀለብ ነው፤ ወጪ ሲቆጠብ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው።

ይህ ግን ማሠልጠኛውን ነፃ አያወጣም። በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሚባለው ሊገመት ያልቻለና ግዴታን መፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ነው። የሠራተኛው ቁጥር መቀነስ የአሥርተ ዓመታት ጉዳይ ነው፤ ተማሪ ሲቀበሉ ያውቁታል። ውሉ የባሕር ልምምድ «ይሰጣል» ካለ፣ በቁጥር 1757 የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ወገን ሌላውን ፈጽም ሊል አይችልም። ይህን የልጅዎን መከራከሪያ እርስዎም እንደ ዋስ ማንሳት ይችላሉ። «ያመቻቻል» ብቻ ካለ ክርክሩ ይከብዳል፤ ሆኖም አጠራጣሪ ቃል ለባለዕዳው በሚጠቅም መንገድ እንደሚተረጎም ቁጥር 1738 ይደነግጋል።

ስለዚህ ልጅዎ ልምምዱ እንዲሰጠው በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ኮፒው ላይም «ደርሶናል» አስብሎ ማኅተም ያስመታ። እርስዎም ለደብዳቤው ዕዳው እንዳልደረሰ ጠቅሰው መልስ ይስጡ። «ጥቂት ልክፈልና ይተዉኝ» ብለው እንዳይከፍሉ፤ ዕዳውን እንዳመኑ ሊቆጠርብዎ ይችላል። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያሳድሩ ሁለቱንም ውሎች ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ፤ መልስ የማቅረቢያው ቀን ካለፈ ከላይ ያልኩት ሁሉ ሳይሰማ ሊቀር ይችላል።