ፎቅ ላይ ያለው ስቱዲዮ ወይስ ግቢ ውስጥ ያለው ሁለት ክፍል?

እታለም፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ! ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ጥር ላይ ትጋባላችሁ። ደብረ ማርቆስ ሁለት ቤት አይታችኋል። አንዱ አዲስ ፎቅ ላይ ያለ ስቱዲዮ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ሽንት ቤቱና ሻወሩ ውስጥ ናቸው። ሌላው ግቢ ውስጥ ያለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሲሆን ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ኪራያቸው ተቀራራቢ ነው። እጮኛሽ ፎቁን ወዷል፣ ያንቺ ልብ ደግሞ ግቢው ላይ ነው። የቱን እንያዝ፣ ምን ምን እንይ፣ ዕቃስ በዱቤ እንግዛ ወይ ነው ያልሽው።

እኔና ባለቤቴ እዚያው ማርቆስ በሁለቱም ዓይነት ቤት ኖረናል። ስለዚህ ሳልዞር ልንገርሽ፤ እኔ ብሆን ሁለት ክፍሉን ነው የምይዘው። ዋናው ምክንያቴ እንግዳ ነው። ጎጃም ነን። ዘመድ ለሆስፒታል ሲመጣ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲኖረው፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያደርስ ሲመጣ ሆቴል አይገባም። እናንተ ጋ ነው የሚያድረው። ይህ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ነው፤ እንግዳ ይቅርባችሁ አልልም። ግን አንድ ክፍል ውስጥ አዲስ ሙሽሮች ከአማት ጋር ሲያድሩ እንግዳውም ይሳቀቃል፣ እናንተም ማታ የምታወሩትን አታወሩም። በስቱዲዮ በቆየንበት ጊዜ የባለቤቴ አባት ለሕክምና መጥተው ለሊቱን ሙሉ "አስቸገርኳችሁ" ሲሉ ነበር። ወደ ሁለት ክፍል ስንዛወር መጡና ሳሎን ፍራሽ ተነጥፎላቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው እስኪነጋ ተኙ። ያ ልዩነት ለእኔ ከሴራሚኩ ይበልጣል።

አከራዩን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። "እንግዳ ቢያድር ቅር ይላችኋል ወይ?" በሏቸው። አንዳንዱ በሰው ቁጥር ውሃ ያስከፍላል፤ አንዳንዱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፍትም። ከገባችሁ በኋላ ከምትሰሙት አሁን ብትሰሙት ይሻላል።

ቀጥሎ ውሃ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አከራዩን "ውሃ አለ?" ብለሽ ብትጠይቂ "አለ" ነው የሚልሽ። ይልቅ እዚያ የምትኖር ተከራይ ለብቻዋ አግኝተሽ "መጨረሻ የመጣው መቼ ነው? ስንት ሰዓት ላይ?" በያት። እኛ ለሁለት ሰው ለማብሰያ፣ ለዕቃ ማጠቢያና ለገላ በቀን ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንጠቀማለን። በአምስት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ 300 ሊትር ማጠራቀም አለባችሁ። ባለ 500 ሊትር ሮቶ ይበቃል። ፎቅ ላይ ግን ሮቶው የት ይቀመጣል? ሲሞላ ግማሽ ቶን ነው፤ በረንዳ ላይ ዝም ተብሎ አይጫንም። ሕንፃው የራሱ ታንከርና ፓምፕ ካለው ጥሩ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ በምን እንደሚሠራም ጠይቁ። ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ካልደረሰ ጀሪካኑ በደረጃ ነው የሚወጣው። ነፍሰ ጡር ስትሆኚ ማን እንደሚያወጣው ከወዲሁ ተነጋገሩ።

ምጣዱን እንዳትረሺ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ነው። ለቴሌቪዥንና ለስልክ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ከተሰካ ሶኬቱ ይግላል፣ ውሎ አድሮም ይቀልጣል። ለምጣድ ከብሬከሩ የሚነሳ ለብቻው መስመር እንዳለ በዓይናችሁ እዩ። ከሌለ ኤሌክትሪሺያን አስገብታችሁ ማዘርጋት ትችላላችሁ፤ ወጪውን ማን እንደሚችል ግን ከመግባታችሁ በፊት ይለቅ። ፎቅ ላይ ምጣድ የማይፈቅድ አከራይም አጋጥሞናል። ጤፉ ከቤተሰብ እየመጣላችሁ እንጀራ በየቀኑ ከሱቅ መግዛት ያሳዝናል።

ቆጣሪውስ የጋራ ነው ወይስ የብቻ? ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ፍጆታው ሲጨምር የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የሁሉም ተደምሮ ውድ ወደሆነው ደረጃ ይገባል። እናንተ በወር ሁለቴ ብቻ ብትጋግሩም የምትከፍሉት በዚያ ዋጋ ነው። የብቻ ቆጣሪ ያለው ቤት ኪራዩ ትንሽ ቢወደድም ያዋጣል።

ጣሪያ ደግሞ ጥር ላይ ውሸት ይናገራል። ፀሐይ ነው፣ ሁሉም ደርቋል። የማርቆስን ክረምት ግን ታውቂዋለሽ። ኮርኒሱን ቀና ብለሽ እዪ፤ ቡና የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ ክብ ካለ ቆርቆሮው ያፈሳል። ቀለሙ በቅርቡ የተቀባ ከሆነ ጥግ ጥጉን በእጅሽ ዳብሺው፣ ቁም ሳጥን ከነበረበት ጀርባ አሽቺው። የግድግዳው እግር ከተፋቀ ውሃ ከሥር ይገባል ማለት ነው። በሙቀት በኩል ኮርኒስ ያለው የጭቃ ቤት ከብሎኬቱ ይሻላል። ከጮቄ ተራራ በኩል ያ ብርድ ሲመጣ ሴራሚክ ላይ በባዶ እግር መቆም አይቻልም።

ብርድ ካነሳን አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንሽ። ከሰል ቤት ውስጥ እየነደደ አትተኙ። "ፍም ሆኗል፣ አይጨስም" ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ የሚወጣውም ከፋመው ከሰል ጭምር ነው። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ቡናው ሲያልቅ ምድጃውን ከነፍሙ ደጅ አውጡት። ለብርዱ ብርድ ልብስ ደርቡ።

የጋራ ሽንት ቤቱን ስንት ቤተሰብ እንደሚጠቀምበት፣ የማጠቢያ ተራ መኖሩን፣ ማታ አምፖል እንዳለው ጠይቁ። ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑንም አንቺ ራስሽ ሞክሪው። እዚህ ላይ ፎቁን የወደደው እጮኛሽ እውነት አለው፤ ንጹሕ ካልሆነ እኔም ቢሆን ፎቁን እይዛለሁ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክር ይኑረው። ሁለታችሁም ፈርሙ። አንዳችሁ ለሥራ ሌላ ከተማ ብትቆዩ የቀረው ሰው በስሙ መብት ሊኖረው ይገባል። ኪራዩን፣ የሚጨመርበትን ጊዜ፣ የውሃና የመብራቱን ክፍያ፣ ምን ዓይነት ጥገና የማን እንደሆነ ጻፉት። አንድ አከራያችን በዓመቱ አጋማሽ ሊጨምር ሲመጣ ወረቀቱን አሳየነው፤ ነገሩ እዚያው አለቀ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በወሰነባቸው ስለሆነ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ። ኪራዩን በባንክ ክፈሉ። ከሌላ ቀበሌ የሚመጣ ካለም መሸኛውን አሁኑኑ ያውጣ። የደላላውንም ድርሻ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ቁረጡ።

ዕቃ በዱቤ እንግዛ ላልሽው፣ አትግዙ። አልጋ፣ ፍራሽ፣ ምጣድ፣ የውሃ ማጠራቀሚያና አንድ የእንግዳ ፍራሽ ይበቃል። ብፌና ሶፋው ቤቱን ኖራችሁበት፣ ክፍሉን ለክታችሁ ይደርሳል። ብዙውን ዕቃ ደግሞ በሠርጉ ስጦታ ታገኙታላችሁ። ከገጠር የሚላከውን ጤፍ ሊሾ ላይ እንዳታስቀምጡት፤ እርጥበት ይስባል። ከሥሩ ጣውላ አድርጉለት፣ ከግድግዳውም ትንሽ አርቁት።

የምትገቡ ቀን በጠዋት ግቡ። መብራቱ፣ ቧንቧውና ቁልፉ ሲሞከር በብርሃን ይሁን። የቆጣሪውን ንባብ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከዚያ ዕቃው ባይደረደርም ቡና አፍይና የግቢውን ሰው ጥሪ። የሰፈሩ እድር የት እንደሚሰበሰብ የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው። የሁለቱን ቤት ቆጣሪና ውሃ ጠይቀሽ ስትመለሺ እዚሁ ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።