ጀልባ ዳገት የሚወጣው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ እህቴ በሰሜን እንግሊዝ ካለችው ሄብደን ብሪጅ ቪዲዮ ላከችልኝ። ጀልባው አንዱን በር አልፎ ሌላው ጋ እየቆመ ሽቅብ ይወጣል፤ ፓምፕ ግን አይታይም። የእኛ አዌቱ ወንዝ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ሲሄድ አላየንም። ዘዴው ምንድን ነው? ቤቶቹስ በአንድ ወገን ባለ ሁለት፣ በሌላው ባለ አራት ፎቅ የሚመስሉት ለምንድን ነው? (ከጅማ፣ ሄርማታ)

መልስ፦ ያዩት የሮችዴል ቦይ ነው። ከማንቸስተር እስከ ሳወርቢ ብሪጅ 51 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ1804 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያም ውሃው ሽቅብ አይወጣም። ከባሕር ወለል 183 ሜትር ግድም ከፍ ካለው ጫፍ ወደ ሁለቱም ወገን ይወርዳል። ሽቅብ የሚሄደው ጀልባው ብቻ ነው፤ እሱም በሚሞላ ገንዳ ውስጥ እየተንሳፈፈ።

ገንዳው («ሎክ» ይሉታል) በሁለቱም ጫፍ የእንጨት በር አለው። ጀልባው በታችኛው በር ገብቶ በሩ ይዘጋበታል። ከዚያ በማኑቬላ የላይኛው የውሃ ማስገቢያ ይነሣል። ውሃው ከላይኛው ቦይ ጋር ሲተካከል በሩ ይከፈታል። ቀድሞ መግፋት ከንቱ ድካም ነው፦ ሁለቱ የበር ክንፎች አፍንጫቸውን ወደ ላይኛው ውሃ አሹለው ስለሚገጥሙ ውሃው ራሱ ያጣብቃቸዋል።

ገንዳው 22 ሜትር ርዝመት፣ 4.3 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ቢኖረው፣ አንዴ ለመሙላት 280 ሜትር ኩብ ያህል ይፈልጋል። ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ 28 ጊዜ ማለት ነው። ሆሊንግዎርዝ ሌክ የተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ የተሠራው ይህን ውሃ ለቦዩ ለመተካት ነው። የታችኛው ማስወጫ ሳይዘጋ የላይኛው ከተከፈተ ደግሞ ውሃው በገንዳው አልፎ ይሄዳል፤ የላዩ ቦይ ይጎድልና ጀልባዎች ጭቃ ላይ ይቀመጣሉ።

ትልቁ አደጋ ግን ሲወርዱ ነው። ከላይኛው በር ሥር ወደ ገንዳው የወጣ የድንጋይ ደፍ አለ። የጀልባው ኋላ እሱ ላይ ከቀረ፣ ውሃው ሲጎድል ፊቱ ይደፋል። መፍትሔው ወደ ፊት ተጠግቶ መቆም ነው፤ ከነካ ወዲያው ማስወጫውን ዘግቶ ከላይ ውሃ መጨመር።

ባቡሩ በ1841 በሸለቆው ሲያልፍ የቦዩ ገበያ ቀዘቀዘ፤ በ1952 ተዘጋ። ሳወርቢ ብሪጅ ላይ መንገድ ተሠራበት። በ1996 ሁለት የቀድሞ ገንዳዎች ተጠቃለው 6 ሜትር ግድም የሚያነሣ አንድ ገንዳ ሆኑ፤ እሱን የሚያንቀሳቅሰው ጠባቂ ብቻ ነው። ቦዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተከፈተው በ2002 ነው።

ቤቶቹን በተመለከተ፦ የሸለቆውን ሜዳ ፋብሪካዎች ስለያዙት ሁለት ቤት ተደራርቦ ተሠራ። የታችኛው በሩ ወደ ቁልቁለቱ፣ የላይኛው ወደ ዳገቱ መንገድ ነው። የታችኛው ጀርባው አፈር ላይ ስለሚያርፍ መስኮት የለውም፤ ርጥበትም ያጠቃዋል። በጅሬን ተዳፋት ላይ ይህን ሊሞክር የሚያስብ ካለ፣ ከኋላ ግድግዳው ጀርባ ጠጠርና ቀዳዳ ያለው ቱቦ ሳያስገባ አፈሩን አይመልስ።