ኢምፕሬዛህ ለምን እንደ ዲኤክሱ አይንሸራተትም?

አንድ የአዳማ ልጅ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ አምስት ዓመት ዲኤክስ፣ አሮጌዋን ቶዮታ ኮሮላ፣ ነዳሁ። ሜዳ ላይ ድሪፍት (መኪናን በጎን ማንሸራተት) የለመድኩትም በሱ ነው። አሁን ቱርቦ የሌለው ማንዋል ሱባሩ ኢምፕሬዛ ገዝቻለሁ። መሪ አዙሬ ነዳጅ ስሰጠው አፍንጫው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የእጅ ፍሬን ስስብ ሞተሩ ይጠፋል። ሰሞኑን ደግሞ ጠባብ ቦታ ስዞር የታሰረ ይመስላል፣ ዘለል ዘለል ይላል። ችግሩ የኔ ነው የመኪናው?»

ከሁለታችሁም ነው፣ ወንድሜ። ግን ከመኪናው እንጀምር። እሱ ሳይስተካከል ልምምዱን ብትቀጥል ካምቢዮህን ትጨርሰዋለህ።

መኪናህ ካምቢዮው ውስጥ መሃል ዲፈረንሻል አለው። የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ እኩል ያካፍላል። ከሱ ጋር ቪስኮስ የሚባል የታሸገ ዕቃ አለ። ውስጡ ስስ ሳህኖችና ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ ናቸው። የፊትና የኋላ ጎማ ፍጥነት ሲለያይ ፈሳሹ ሳህኖቹን ይይዛቸዋል። የተሠራው ጭቃ ላይ አልፎ አልፎ እንዲይዝ ነው። ቀን ከሌት ከሠራ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ይጣበቃል።

ቀን ከሌት የሚያሠራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጎማ ነው። አንድ ደንበኛዬ ልክ ያንተን ቅሬታ ይዞ መጣ። ፊት ሁለት አዲስ ጎማ፣ ኋላ ጥርሱ ያለቀ አሮጌ። መኪናውን በክሪክ አነሳሁና በልብስ ሰፊ ሜትር የጎማዎቹን ዙሪያ ለካሁ። ልዩነቱ 22 ሚሊ ሜትር ነበር። ሱባሩ የሚፈቅደው ሩብ ኢንች ነው፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ይህ ማለት ጥርሱ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ብቻ ነው! ያ ሰው በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ፣ አንድም ኩርባ ሳይዞር፣ ቪስኮሱ ሲታሽ ነው የሚውለው። ስለዚህ ጎሚስታ ጋ ሄደህ ሁለት ሁለት ጎማ መግዛቱን ተው። አራቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ፣ እኩል ያለቁ ይሁኑ።

ጎማው እኩል ሆኖ ካገኘኸው ይህን ሞክር። መኪናው በደንብ ይሙቅ። ሰው በሌለበት ጠፍጣፋ ግቢ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙረህ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብለህ ሂድ። ከዚያ ፍሪሲዮን ርገጥ። ጤነኛ መኪና መንከባለሉን ይቀጥላል። ፍሬን እንደተያዘ መኪና ቀጥ ብሎ ከቆመብህ ቪስኮሱ ተጣብቋል፤ እሱ አይጠገንም፣ ይቀየራል። በዚያው የካምቢዮ ዘይቱን አስወርድ። ዓይነቱ ጂኤል 5፣ 75 ደብሊው 90 ነው፤ ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ይይዛል። አሮጌው ዘይት ውስጥ የብረት ስባሪ ካየህ መኪናውን አትንዳ። ስታስጎትትም ሁለት ጎማ አንስተው እንዳይጎትቱብህ፤ አራቱም ጎማ ተጭኖ ይሂድ።

የእጅ ፍሬኑን ነገር ተወው። ዲኤክስ ላይ ፍሪሲዮን ረግጠህ ስትስበው የኋላ ጎማዎቹ ብቻቸውን ይቆማሉ፣ ማንንም አይነኩም። እዚህ ግን ኋላው ከፊቱ ጋር የተያያዘ ነው። ፍሪሲዮን ሳትረግጥ ከሳብክ ሞተሩን ያጠፋዋል። ረግጠህም ብትስብ ቪስኮሱን ነው የምታቃጥለው። አንዳንድ የራሊ ዝርያ መኪኖች የእጅ ፍሬን ሲሳብ መሃል ዲፈረንሻሉን በራሳቸው ይለቁታል። ያንተ ይህ የለውም።

አሁን ወደ እግርህ እንምጣ። ጋሪ ከኋላ ስትገፋ አይተህ ታውቃለህ? ትንሽ ከጠመመ ኋላው ይቀድምሃል። ፈረስ ሲስበው ግን ፈረሱ ወደሄደበት ይከተላል። ዲኤክስ የሚገፋ ጋሪ ነው። ነዳጅ ስትጨምር ኋላው ይወጣል፣ አንተ መሪውን ወደ ተቃራኒው አዙረህ ትይዘዋለህ። ነዳጅ መንሸራተቱን ያሰፋዋል። ኢምፕሬዛው ላይ ፊቱም ይስባል። አንድ ጎማ ያለው አቅም የተወሰነ ነው። መዞርም መሳብም በአንድ ጊዜ ስትጠይቀው መዞሩን ይተወዋል። ለዚህ ነው አፍንጫው ቀጥ ብሎ የሚሄድብህ። ከዚያም በላይ አዳማ ከባህር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት እዚህ 15 በመቶ ያህል ያጣል። በዚያ ጉልበት ደረቅ አስፋልት ላይ አራት ጎማ አታስለቅቅም። አትልፋ።

ኋላውን የሚያወጣልህ ክብደት ነው። አቧራ ወይም ጠጠር ሜዳ ላይ በሁለተኛ ማርሽ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ግባ። ወደ ግራ ልትዞር ከሆነ መጀመሪያ መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ ስጠው። ከዚያ ነዳጁን በአንዴ ልቀቅና ወደ ግራ አዙር። ክብደቱ ወደ አፍንጫ ይሄዳል፣ ኋላው ይቀልና መውጣት ይጀምራል። መቀመጫህ ሥር ይሰማሃል። ዋናው ይህች ቅጽበት ናት። ያኔ ነዳጅ ስጥ፣ አትፍራ። መሪውን መሄድ ወደምትፈልግበት ጠቁመው፤ እንደ ዲኤክሱ ብዙ አትመልሰው። የፊት ጎማዎቹ ወደዚያ ይስቡሃል።

እግርህ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኋላው በዛ ብለህ ከደነገጥክ ዲኤክስ ላይ ነዳጅ ትቀንሳለህ። ኢምፕሬዛ ላይ መሃል መንሸራተት ውስጥ ነዳጅ ከለቀቅክ ጭራሽ ያሽከረክርሃል። እዚህ ቀጥ የሚያደርግህ ነዳጅ ነው። ይህን እግርህ እስኪለምደው ጥቂት ቀን ይወስዳል። ስትጨርስ ወርደህ አቧራው ላይ ዱካህን እይ። አራቱም ጎማ ሰፋ ያለ የጎን ጭረት ከጣለ ትክክል ነህ። የፊቶቹ ብቻ አርሰው ከሄዱ ነዳጁን ቸኩለሃል።

ረጅም፣ ጎኑን ሰጥቶ የሚሄድ ድሪፍት ከሆነ የምትፈልገው ግን ዲኤክሱን ባትሸጠው ይሻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የአሜሪካው ፎርሙላ ድሪፍት እንኳ የሚፈቅደው ከኋላ የሚገፋ መኪና ብቻ ነው። ኢምፕሬዛው ጌታ የሚሆነው አፈር ላይ ነው።

አደራህን፣ መንገድ ላይ እንዳትሞክረው። አዳማ ከባጃጅና ከእግረኛ የተረፈ አስፋልት የላትም። ባለቤቱ የፈቀደልህ፣ ሰውም ከብትም የማይገባበት ሜዳ ፈልግ። ቀበቶ እሰር፣ የሚያይ ጓደኛም ከኩርባው ውጪ በኩል አይቁም።

የአራቱን ጎማ ዙሪያ ለክተህ ጻፍልኝ። ቪስኮስ መቀየር አለብህ ወይስ ጎማ ብቻ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ።