«ቴክ ኬር»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በቅርቡ ለተማሪዎቼ «ቴክ ኬር» የሚለውን ሐረግ ወደ አማርኛ መልሱ የሚል ጥያቄ ሰጥቼ ነበር። ብዙዎቹ «ጥንቃቄ ውሰድ» ብለው ስለጻፉ ስህተት ነው ብዬ አረምኩ። አንዲት ተማሪ «ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ግን «ደህና ሁን»፣ «ተጠንቀቅ»፣ «ተንከባከብ» እያልኩ ሦስት ጊዜ ሐሳቤን ቀየርኩ። እባክዎ አንድ ቁርጥ ያለ ትርጉም ይስጡኝ።

መልስ፦ ሐሳብዎን መቀየርዎ ትክክል ነበር፤ እንዲያውም ሌላም ይቀርዎታል። እንግሊዝኛው በአንድ ሐረግ የሚሸፍነውን ሥራ አማርኛ ለብዙ ግሦች አከፋፍሎታል። ስለዚህ ቁርጥ ያለ አንድ ትርጉም ልሰጥዎ አልችልም።

«ጥንቃቄ ውሰድ»ን ማረምዎን ግን እደግፋለሁ። በአማርኛ ጎርፍ ድልድይ ይወስዳል፤ እንቅልፍ የደከመውን ሰው ይወስደዋል። ወሰደ ስንል አንድ ነገር ከነበረበት ይነሣል። «እርምጃ መውሰድ» የባዕድ ቋንቋ ጥላ ያረፈበት አነጋገር ቢሆንም ሕጉም ጋዜጣውም ስለለመደው ከእሱ ጋር አልጣላም። ጥንቃቄ ግን የራሱ ግስ አለው፤ እናደርገዋለን እንጂ አንወስደውም። ከዚያም ሲያጥር «ተጠንቀቅ» የምትለው አንዲት ቃል ትበቃለች።

ሐረጉ ለስንብት ሲሆን የምንመልሰው የሚሰናበተውን ሰው አይተን ነው። ለጓደኛ «ደህና ሁን» ወይም «ደህና ሁኚ»፣ መንገድ ለሚጀምር «በሰላም ግባ» እንላለን። «ራስህን ጠብቅ» የሚለውም መልካም ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ከገባ ወዲህ ከማስታወቂያውም ከስልኩም አዘውትረን ስለሰማነው አንዳንዶች ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ይመስላቸዋል። እኔ አይመስለኝም። እዚሁ ጅማ፣ በአፋን ኦሮሞ የሚነጋገሩ ጎረቤቶቻችን ሲለያዩ «ኦፍ ኤጊ» ሲባባሉ እርስዎም ሳይሰሙ አይቀሩም። «ኦፍ» ራስ ነው፤ ግሱ ደግሞ መጠበቅ። የሚያስደንቀኝ፣ ያ ግስ ልክ እንደ አማርኛው «ጠበቀ» ሁለት ፊት ያለው መሆኑ ነው፤ ዘብ መቆምም ነው፣ የሚመጣን ሰው መጠበቅም ነው። ጎን ለጎን የሚኖሩት ሁለቱ ቋንቋዎች ለዚህ ጉዳይ የመረጡት ግስ አንድ ዓይነት ነው።

ለአረጋዊ ግን «ራስዎን ይጠብቁ» ማለት ለጆሮዬ አይጥመኝም። አንቱታው አለ፤ ትእዛዝነቱ ግን አልጠፋም። ለታላቅ ምርቃት ይስማማል፦ «እግዜር ይጠብቅዎ»፣ «አላህ ይጠብቅዎ»፣ «ዕድሜ ይስጥልኝ»። እዚህ ላይ ጠባቂው ራሱ ሰውየው መሆኑ ቀርቶ ፈጣሪ ይሆናል፤ እንግሊዝኛው ይህን ልዩነት ሊያሳይዎ አይችልም።

የማስጠንቀቂያው ትርጉም ብዙ አያስቸግርም፤ «ተጠንቀቅ»፣ «ልብ በል»፣ ጉዳዩ ሲከብድም «አደራ»።

ሀብቱ ያለው ሰውን ወይም ነገርን በመንከባከብ ላይ ነው። ሆስፒታል በር ላይ ጥበቃው «አስታማሚ ነሽ ወይስ ጠያቂ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምተው ይሆናል። ጠያቂዋ ሰዓት ጠብቃ ገብታ ትወጣለች፤ አስታማሚዋ ፌስታልና ፔርሙስ ይዛ እዚያው ታድራለች። ቃሉን ቀረብ ብለው ይዩት። «አሳመመ» ማለት ሕመም ሰጠ ነው። «አስታመመ» ግን «ታመመ» በሚለው ላይ ተሠርቶ የታመመውን ሰው አጠገቡ ሆኖ መርዳትን ይገልጻል። ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ አንዱ ይጎዳል፣ ሌላው ያድናል። «በሽተኛውን ተንከባከበች» ብንል ስህተት አይሆንም፤ ነገር ግን «አስታመመች» ውስጥ ያለው የሌሊት እንቅልፍ ማጣት ይጠፋል።

የወለደችን ሴት ማስታመም አንልም፤ በሽተኛ አይደለችምና። እሷን የሚንከባከብ ሰው «ያርሳታል»፤ «እናቷ ቤት ታረሰች» እንላለን። «አራስ» የምንላትም ከዚሁ ነው። ልጅ ይያዛል፣ ያድጋል። ያረጁ ወላጆች ይጦራሉ። የመንግሥት ሠራተኛ በስተርጅና የሚያገኘውን ገንዘብ «ጡረታ» ብለን የሰየምነው ልጅ ለወላጁ ከሚያደርገው ከዚህ ሥራ ወስደን ነው። «ጧሪ ቀባሪ የለኝም» የሚሉትን እናት ሐዘን «ተንከባካቢ የለኝም» በሚለው መግለጽ አይቻልም፤ ይህን ለተማሪዎችዎ ቢያነቡላቸው ደስ ይለኛል።

ከብት ይጠበቃል። እንግዳ ይስተናገዳል። የቡና ችግኝስ? በጅማ ዙሪያ ቡና ያለው ገበሬ «ችግኙን ተንከባከብኩ» ከሚል ይልቅ ጥላ ሠራሁለት፣ አጠጣሁት፣ አረምኩት፣ ኮተኮትኩት ሲል እሰማለሁ። «እንክብካቤ» ከባለሙያ ሪፖርት ላይ ይበዛል፤ በቦታው ጥሩ ቃል ነው፣ ግን ሥራውን አያሳይም። ተርጓሚ ሥራው ምን እንደሆነ ካወቀ የሥራውን ግስ ይጻፍ።

ሐረጉ ጉዳይን መፈጸምንም ይገልጻል። ምሳ በልተን ስንነሣ አንዱ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሂሳቡን በተመለከተ ይህን ሐረግ ቢል፣ የእኛው ሰው «ተው፣ እኔ እከፍላለሁ» ነው የሚለው። ጣጣ ያለበት ጉዳይ ከሆነ «ለእኔ ተወው» ወይም «እኔ እጨርሰዋለሁ» ይሆናል። በወንጀል ፊልም አለቃው ስለ ከዳው ሰው ይህንኑ ሲናገር ደግሞ «አስወግደው» ማለቱ ነው። እዚያ ቦታ «ተንከባከበው» ብሎ የሚተረጉም ሰው ገዳዩን ሞግዚት አደረገው ማለት ነው።

ለተማሪዎችዎ ሐረጉን ብቻውን ባይሰጧቸው ይሻላል። አራት ዓረፍተ ነገር ያዘጋጁ፦ አንዷ ልጅ የታመመች እህቷን፣ አንዱ ያረጀ አባቱን፣ አንዱ የሰው በግ፣ አንዱ ደግሞ አዲስ አበባ የሚሄድ ጓደኛውን። አራቱንም በእንግሊዝኛው ሐረግ ይጻፏቸውና አራት የተለያዩ የአማርኛ ግሦች ይጠይቁ። እጇን ላወጣችው ተማሪም ጥያቄዋ ትክክል እንደነበር ይንገሩልኝ።