በሑዳዴ የማቆያው ምግብ ጉዳይ

እህቴ፣ የሁለት ዓመት ልጅሽ የሚውልበት ማቆያ በሑዳዴ ወተትና እንቁላል እንደማይሰጥ፣ በዚህም ወላጆች ለሁለት እንደተከፈሉ ገልጸሽ ምን ይሻላል ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም አራት ኪሎ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ማቆያ ጋር በዚሁ ጉዳይ ስከራከር ስለከረምሁ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ።

1. ነገሩን በሃይማኖት ክርክር አትጀምሪው። ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በጾም እንደማይገደዱ ኃላፊዋም አታጣውም። የእነሱ ጭንቀት ዕቃው ነው፤ ወጥ ሠሪዋ ትጾማለች፣ ድስቱና ጭልፋውም አንድ ነው። ስለዚህ «ለምን አትሰጡም?» ከምትዪ «ከቤት የማመጣው እንቁላል በምን ዕቃ ይሞቃል?» ብትዪ መልስ ታገኛለሽ።

2. የሳምንቱን ምግብ ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቂ። እኔ ስጠይቅ ኃላፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ልጅ ማሳደግ ከእናንተ አንማርም» አለችኝ፤ ክፍያ ሲዘገይ ግን ደውሎ ለማግኘት የሚቀድማት አልነበረም። ከሌሎች እናቶች ጋር ሆኜ ዝርዝሩን ግድግዳው ላይ እስካስለጥፍ ድረስ አልተውኋትም፣ በዚህም እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ሲለጠፍ የታየው ጉድ ከጾሙ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ጠዋት ብስኩት በጣፋጭ ሻይ፣ ምሳ ሽሮ፣ ከሽሮው ላይ ደግሞ ሻይ። ሽሮና ምስር ለልጅ መልካም ናቸው፤ ሻይ ተከትሎ ሲጠጣ ግን ሰውነት በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋል። ሻዩን አስቀርተናል።

3. ምሳ ዕቃ የምትልኪ ከሆነ ሥጋ አትላኪ። ከፋሲካ በኋላ ለልጄ የበግ አልጫ ፍትፍት ልኬ ነበር። ሞግዚቷ አጠገቧ ለተቀመጠው የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ከዚያው አጎረሰችው። ክፋት የላትም፤ ዓይኑን ምሳ ዕቃው ላይ የተከለን ሕፃን አልፎ ሌላውን ማጉረስ ነውር ሆኖባት ነው። የልጁ አባት በማግሥቱ መጥተው እጅግ በጨዋ አነጋገር ቅሬታቸውን አሰሙ፤ ኃላፊዋ ግን ሞግዚቷን ማሠልጠን ሲገባት በሰው ፊት «ሥጋ ማን ላኪ አለሽ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ከልጁ እናት ጋር ግን ዛሬም ቡና እንጠራራለን፤ እንቁላልና ወተት የእርድ ጥያቄ ስለሌለባቸው በእነሱ ላይ ለመስማማት አልተቸገርንም። ለሚያጾሙ ወላጆች ሲባል ደግሞ ከቤት የሚመጣለት ልጅ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ እንዲበላ፣ ስሙም ክዳኑ ላይ እንዲጻፍ አደረግን። አንዲት እናት ትልከው የነበረውን ቆሎም ትንታ ያመጣል ብለን አስቁመናል።

እንቁላሉን በደንብ ቀቅለሽ፣ አድቅቀሽ ላኪ። ወተቱን ግን ማቆያው እሰጣለሁ ቢልሽም ጠዋትና ማታ ቤትሽ አጠጪው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ወተት ምን እንደሆነ ደውሎ የሚነግርሽ አይኖርም።