ከበሮው የማን ነው? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ሴቶች ብቻ ተሰባስበው የተለያዩ አገሮችን ከበሮና ዜማ ስለሚጫወቱበት ቡድን ነው የጠየቃችሁኝ። በጣም ደስ ብሎኛል። በቀጥታ ወደ ጥያቄዎቹ።

ከአራት ኪሎ፦ «ስድስት የመሥሪያ ቤት ጓደኛሞች ነን። ከሥራ በኋላ እየተገናኘን የከበሮ ቡድን ልናቋቁም አስበናል። ሙዚቃ የተማረች የለችም። አንድ ከበሮና አንድ ጀምቤ አለን። ሌላ ምን እንግዛ?»

ለጊዜው ምንም አትግዙ። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባላል፤ መጀመሪያ ያላችሁን ልመዱት። የእኛ ከበሮ ሁለት ፊት አለው። ሰፊው ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ጠባቡ ቀጭን። ከበሮ የያዘችው በሰፊው ፊት መሠረቱን ትያዝ፤ ከዚያ ውልፍት አትበል። ጀምቤ የያዘችው መሃል መሃል ላይ ትግባ። አራታችሁ አጨብጭቡ።

ችክችካ የተባለውን የእስክስታ ምት ውሰዱ። ስድስት ፈጣን ምት ብላችሁ ቁጠሩት። ሁለታችሁ በስድስቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ አጨብጭቡ፤ የቀራችሁት ሁለታችሁ ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ትጋጫላችሁ። ተስፋ አትቁረጡ። የገጠመ ዕለት ማንም ሳይነግራችሁ ትከሻችሁ ራሱ ይነሣል።

የጀማሪ ቡድን ትልቁ ችግር መሮጥ ነው። ሞቅ ሲል ሁሉም ይፈጥናል። በስልክ ቅዱና መጀመሪያውንና መጨረሻውን አነጻጽሩ። ለእኔ በቡድን ከበሮ ውስጥ ከጉልበት ይልቅ ጆሮ ይበልጣል። የሌላዋን ምት የማትሰማ ሴት የቱንም ያህል እጇ ቢፈጥን ቡድኑን ታፈርሳለች።

ጀምቤ ከምዕራብ አፍሪካ የማንዴ ሕዝቦች የመጣ፣ የፍየል ቆዳ የተወጠረበት ከበሮ ነው። በባዶ እጅ ስለሚመታ ቀለበታችሁን አውልቁ። ቆይታችሁ መጨመር ካማራችሁ የፔሩን ካሆን አስቡበት። የእንጨት ሣጥን ነው፤ ላዩ ላይ ተቀምጠው ፊቱን ይመቱታል። ጎበዝ አናጢ ይሠራላችኋል። ክራር የምትችል ስትመጣ ግን ስለ ቅኝት ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በትዝታ ቅኝት የተቃኘ ክራር በባቲ ቅኝት ለመጫወት እንደገና መቃኘት አለበት። መድረክ ላይ ያቺን ክፍተት ከበሮዎቹ ይሙሏት።

ከፒያሳ አንዲት እናት፦ «የ19 ዓመት ልጄ የሴቶች ከበሮ ቡድን ልግባ ትላለች። ወንድሞቼ ‹ከበሮ የወንድ ነው፤ ሴት ልጅ አደባባይ ወጥታ አትደልቅም› ብለው ተቆጡ። ምን ልበላቸው?»

በቤተሰባችሁ ሠርግ ላይ ከበሮውን ማን እንደሚመታ ይጠይቋቸው። በየሰፈራችን የሠርግ ከበሮ ያለው በሴቶች እጅ ነው። በነሐሴም ለአሸንዳና ለሻደይ ከበሮ ይዘው የሚወጡት ልጃገረዶች ናቸው። የማኅሌቱ ከበሮ የሊቃውንቱ ነው፤ የራሱ ሥርዓት አለው። ልጅዎም እሱን ልንካ አላለችም። መጽሐፍ ከጠቀሱብዎ ደግሞ ዘጸአት 15፥20ን ያንብቡላቸው። ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ የአሮን እኅት ማርያም ከበሮ አነሣች፤ ሴቶቹም ሁሉ ከበሮ ይዘው ተከተሏት።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ሩዋንዳ ውስጥ ከበሮ ለሴት ነውር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የቴአትር ባለሙያዋ ኦዲል ጋኪሬ ካቴሴ በቡታሬ ከተማ ኢንጎማ ንሽያ የተባለ የሴቶች ከበሮ ቡድን መሠረተች። የአገሪቱ የዘር ጭፍጨፋ ካለፈ ገና አሥር ዓመቱ ነበር። ሁቱና ቱትሲ ሴቶች፣ የሟች ቤተሰብም የገዳይ ቤተሰብም፣ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ምት መቱ። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ጎረቤታቸው ብሩንዲ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ድንጋጌ ሴቶች ባህላዊውን ከበሮ እንዳይመቱ ከለከለ። ዩኔስኮ ያንኑ የከበሮ ሥርዓት በቅርስነት ከመዘገበው ሦስት ዓመት ብቻ ቢሆነው ነው። በጣም ያሳዝናል።

ስለዚህ እናቴ፣ ይፍቀዱላት። የሚያሳስብዎ ማምሸቷ ከሆነ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የልምምዱን ሰዓትና በምን እንደምትመለስ ከጓደኞቿ ጋር ይነጋገሩ።

ከካዛንቺስ፦ «ክረምት ሲገባ የከበሮዬ ድምፅ ይሞታል። ተበላሽቶ ይሆን?»

አልተበላሸም እህቴ። ቆዳ እርጥበት ሲስብ ይላላል። ፀሐይ ብቅ ስትል ጥቂት አሙቂው። ምድጃ አጠገብ ግን አታስጠጊው፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ሲሚንቶ ወለል ላይም አታሳድሪው።

«ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስንለማመድ ጎረቤት ተማረረ» ላላችሁኝ፦ ጎረቤቶቻችሁ እውነት አላቸው። ቤት ውስጥ ትራስና ጉልበታችሁ ላይ ተለማመዱ። እጅ እዚያም ይለምዳል። ከበሮውን ለቅዳሜና እሑድ፣ ለሰፋ ቦታ አቆዩት።

«ልጆቼን የአገራችንን የሙዚቃ መሣሪያዎች የት ላሳያቸው?»

ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ውሰዳቸው። ሕንፃው ራሱ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በመንገዳችሁ ፒያሳ ወርዳችሁ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ሀገር ፍቅር ቴአትርን አሳያቸው። ማታ ቤት ስትገቡ ደግሞ አስናቀች ወርቁን በክራሯ አሰማቸው። ሴት ልጅ ካለችህ በተለይ ለእሷ።

«ስምንት ሴቶች ነን። አንድ ዝግጅት ላይ እንድንጫወት ተጋብዘናል። ያሉት ማይኮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ክፍያም የለውም። እንሂድ?»

ማይኩ አያስጨንቃችሁ። አንዱን ለድምፃዊቷ፣ ሌላውን ለክራር ወይም ለማሲንቆ ስጡ። መካከለኛ አዳራሽ ከሆነ ከበሮ ራሱን ያሰማል። በግማሽ ክብ ቁሙ፤ መሠረቱን የያዘችውን ሁላችሁም እንድታዩዋት። ክፍያውን በተመለከተ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ በነፃ እንጫወት ካላችሁ የእናንተ ምርጫ ነው። ግን ከበሮ ተሸክሞ ሚኒባስ መጋፋት አይሆንም። የራይድ ሒሳብ ይክፈሉላችሁ። ለሳውንድ ቼክም ግማሽ ሰዓት ይስጧችሁ። ሁለቱንም ዛሬውኑ በጽሑፍ ላኩላቸው፤ እሺ ካሉ ሂዱ።